ገመድ ጎታቾቹ

ከሞጣ ተነሥተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያረፈዱ ሁለት መንገደኞች ከዓባይ በላይ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንደኛው ቢቸና አጠገብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ፣ ፈንጣጣ በልጅነታቸው ዓይናቸውን የወሰደባቸው የኔታ ናቸው። ሁለተኛው በጉርምስናው ሁለት ዓመት ከእግራቸው ሥር የተማረ፣ ዱላቸውን ይዞ የመራ፣ ዛሬ ቢቸና ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ ጎልማሳ ነው። የኔታ ማዶ ቤጌምድር ላረፉ ባልንጀራቸው ተዝካር ይሻገራሉ። ደቀ መዝሙሩ «ላድርስዎ» ብሎ መጥቷል። ነገሩ ማድረስ ብቻ እንዳልሆነ ግን የኔታ ከሞጣ ጀምሮ ገብቷቸዋል።

ደቀ መዝሙር፦ ውኃ ይጠጡ የኔታ። ፀሐዩ እስኪበርድ አረፍ እንበል፤ ማዶው አቀበት ነው።

የኔታ፦ ማዶው አቀበት መሆኑን አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ። ይልቅ ድልድዩ እንዴት ነው?

ደቀ መዝሙር፦ አሮጌው የፋሲል ድልድይ ወገቡ ተሰብሮ ቆሟል። የምንሻገረው በአዲሱ ነው፤ በብረት ገመድ በተንጠለጠለው።

የኔታ፦ ሰዉ አሁንም የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል?

ደቀ መዝሙር፦ ይለዋል እንጂ።

የኔታ፦ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባርሮ ያሠራውን ድልድይ እኛ መልሰን ለእነሱ ሰጠናቸው። ይሁን። እኔ መጀመሪያ የተሻገርሁት ግን በዚህም በዚያም አይደለም። በጣሊያን ጊዜ መሐሉ ከተሰበረ ወዲህ መንገደኛ የሚሻገረው በገመድ ነበር። ቅኔውን ከጨረስሁ በኋላ ድጓ ልቀጽል ብዬ ወደ ቤተ ልሔም ስሄድ ነው። ወገብህን ያስሩሃል። ከዚህ ወገን ያሉት ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ ከዚያ ወገን ያሉት ይስባሉ። አንተ መሐል ላይ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለሃል፤ ከሥርህ ዓባይ ነው።

ደቀ መዝሙር፦ አልፈሩም?

የኔታ፦ ገደሉን የሚያየው ዓይን ነው፤ ምን ያስፈራኛል? ከእኔ በፊት የታሰረው አንድ የበሬ ነጋዴ ነበር፤ በጉልበቱ የተመካ፣ መንገዱን ሁሉ ሲፎክር የመጣ። ገመዱ ላይ ሲወጣ የእናቱን ስም ጠራ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ጎታቾቹ «ይህን ዕውር ምን አመጣው?» ሲባባሉ ሰማሁ። ጸጥ ብዬ የተሻገርሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ፣ አሁን እኮ «ዕውር» አይባልም። ዓይነ ስውር ነው የሚባለው።

የኔታ፦ አውቃለሁ፤ ሬዲዮ እሰማለሁ። አንተ ዓይነ ስውር በል፤ ደግ ቃል ነው። እኔ በለመድሁት ልናገር። አሁን ከሞጣ ጀምሮ አፍህ ላይ ያለውን ነገር ጣለው። ሦስት ጊዜ «የኔታ» ብለህ ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አወራህ።

ደቀ መዝሙር፦ እንግዲህ... መሥሪያ ቤታችን አንድ ክፍት የሥራ መደብ አውጥቶ ነበር። የአቤቱታ ተቀባይ ነው። ባለጉዳይ ሰምቶ፣ ጉዳዩን ለይቶ፣ ወደሚመለከተው ክፍል የሚመራ። ዐሥራ ምናምን ሰው ተወዳደረ። አንደኛ የወጣው ዓይነ ስውር ነው። የሕግ ምሩቅ።

የኔታ፦ እልል በላ።

ደቀ መዝሙር፦ ኮሚቴው ተሰበሰበ። «የሥራው ጠባይ አይፈቅድም» ተብሎ ሁለተኛ የወጣው እንዲቀጠር ተወሰነ።

የኔታ፦ ሥራው ምንድን ነው አልኸኝ?

ደቀ መዝሙር፦ አቤቱታ መስማት።

የኔታ፦ መስማት። ጠባዩ የማይፈቅድለት ይህ ነው?

ደቀ መዝሙር፦ እንዲህ ሲሉት ያስቃል፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን አላሳቀም። አንዱ «ማመልከቻው በወረቀት ነው የሚመጣው፣ በምን ያነበዋል?» አለ። ሌላው «ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?» አለ። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ደግሞ «ረዳት ያስፈልገዋል፤ ረዳት የሚባል መደብ መዋቅሩ ላይ የለም» አለ። እውነቱን ነው፣ የለም። ከሁሉ የከበደችኝ ግን የፊርማዋ ነገር ናት። አንድ ሕግ ያነበበ ሰው ተነሥቶ «በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድድም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የመንግሥት ደብዳቤ ላይ ይፈርማል?» አለና ሁሉንም ዝም አሰኘ።

የኔታ፦ ያ ሕግ ስለ እኔ ብቻ ነው የሚናገረው?

ደቀ መዝሙር፦ ዓይነ ስውርንና መጻፍ የማይችል ሰውን አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

የኔታ፦ እኔንና ፊደል ያልቆጠረውን በአንድ አልጋ አስተኛን በለኛ።

ደቀ መዝሙር፦ የሕጉ ሐሳብ ሰው ያላነበበውን ውል እንዳይፈርም ለመጠበቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ለዓይነ ስውር ወረቀት የሚያነብለት ሌላ ሰው ብቻ ነበር። ደግሞም ድንጋጌው ስለ ግል ውል ነው፤ የአንድ ሠራተኛ ደብዳቤ ላይ ስለሚያርፍ ፊርማ አይናገርም። ይህን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነው የገባኝ። በስብሰባው ላይ ግን አልተናገርሁም።

የኔታ፦ ዝም አልህ?

ደቀ መዝሙር፦ ዝም አልሁ። ቃለ ጉባኤውንም ፈረምሁ።

የኔታ፦ ...

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ?

የኔታ፦ አለሁ። ዓባይን እየሰማሁ ነው። የፊርማህ ቀለም ደርቋል?

ደቀ መዝሙር፦ ውጤቱ ሰኞ ነው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው።

የኔታ፦ ዛሬ ዓርብ ነው። ጊዜ አለን። በል፣ ይህ ጉዳይ ሕግ ካለው ንገረኝ። ከእኔ ጋር ስትማር አንድ ቃል ሳትጥል ነበር የምትቀጽለው።

ደቀ መዝሙር፦ አለው። አዋጅ ቁጥር 568፣ የ2000 ዓ.ም. ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ይባላል። ከእሱ በፊት አዋጅ 101/1986 ነበር። የቀድሞው ለአካል ጉዳተኞች የተለየ መደብ የሚያስቀር ዓይነት ነበር። አዲሱ በመግቢያው ላይ ያንን አሠራር ይወቅሳል፤ ቦታ አስቀርቶ መስጠት አካል ጉዳተኛው በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት የማይችል አስመስሎታል ይላል።

የኔታ፦ ይህን የጻፈው ሰው ተመጽዋች ሆኖ ያውቃል። በደጀ ሰላም ቁጭ ብሎ «ለዚያ ለምስኪን» ሲባል የሰማ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። ቀጥል።

ደቀ መዝሙር፦ ቦታ ማስቀረቱን በሌላው ዓለም ያልተዉት አሉ። ጀርመን 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት 5 ከመቶውን ከባድ ጉዳት ላለባቸው እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ያልሰጠ ይከፍላል። ኬንያም በሕገ መንግሥቷ በምርጫና በሹመት ለሚያዙ ቦታዎች 5 ከመቶ ብላ ጽፋለች። የእኛ ቁጥር አላስቀመጠም። ይልቅ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ተወዳዳሪው ካለፈ፣ የሥራው ጠባይ በእርግጥ ካልከለከለ በቀር፣ አካል ጉዳቱ ሊያስቀረው አይችልም፤ በነጥብ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆኑ እንዲያውም እሱ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ አሠሪው «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ካላደረገ፣ ያ ራሱ አድልዎ ነው።

የኔታ፦ ማመቻቸት። ደግ ግስ መረጡ። ርባታውን አስበው፤ ተመቸ፣ ተመቻቸ፣ አመቻቸ። ፊደሏ ስትደጋገም ድርጊቱ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻውን አይመቻችም። ወንበሩም ትንሽ ጠጋ፣ ተቀማጩም ትንሽ ጠጋ ነው። ለመሆኑ ምን ምኑን ነው የሚያመቻቹት?

ደቀ መዝሙር፦ የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራውን መስፈርት፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የድርጅቱን አደረጃጀት፣ የሥራ አካባቢውን። የሚረዳ ሰው መመደብም የአሠሪው ግዴታ ውስጥ ተጽፏል። አሠሪው «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለት ይችላል፤ ግን ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ድርጅቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳለው ታይቶ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አካል ጉዳተኛው «በጉዳቴ ምክንያት ቀረሁ» ብሎ ፍሬ ነገሩን ካስረዳ፣ አድልዎ አለማድረጉን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል።

የኔታ፦ የጣሰስ?

ደቀ መዝሙር፦ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

የኔታ፦ ዛሬ በዚያ ብር ቢቸና ገበያ በሬ ትገዛለህ?

ደቀ መዝሙር፦ አልገዛም።

የኔታ፦ ሕጉ ጥርሱ ወልቋል ማለት ነው። ይሁንና ጥርስ የሌለው ሽማግሌም ይመክራል። አሁን ያን ኮሚቴ አንድ በአንድ አምጣልኝ። ደረጃው ላይ ይወድቃል ያለውን።

ደቀ መዝሙር፦ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ 624 ማለት ነው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መንቀሳቀሻ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። የእኛ ግን...

የኔታ፦ ቆይ፤ ዓይነ ስውር ደረጃ ይወጣል። አሁን ይህን ገደል ከአንተ ጋር አልወረድሁም? ደረጃ የሚያግደው በክራንች የሚሄደውን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውን ነው። ኮሚቴህ የሁላችንንም ጉድለት ከአንድ ጆንያ ከትቶ ነው የሚመዝነው። እስቲ ንገረኝ፣ አቤቱታ ይዞ የሚመጣው ባለጉዳይስ ሁሉ እግር አለው?

ደቀ መዝሙር፦ የለውም። በነዚህ የጦርነት ዓመታት እግሩን አጥቶ በክራንች የሚመጣው ብዙ ነው። ደረጃው ሥር ቆሞ «ጥሩልኝ» ይላል፤ ደጋጎች ወርደው ያነጋግሩታል።

የኔታ፦ እንግዲያ አቤቱታ ተቀባዩን ምን ፎቅ ላይ ሰቀለው? ጠረጴዛውን ምድር ቤት አውርዱት።

ደቀ መዝሙር፦ ምድር ቤት ያለው ንብረት ክፍል ነው። የወንበርና የወረቀት ክምር ነው።

የኔታ፦ ወንበሮቹ ፎቅ ቢወጡ ጉልበታቸውን አያማቸውም።

ደቀ መዝሙር፦ (እየሳቀ) ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ሁለት ቀን ጉልበት ነው። ይሻላል። ንባቡ ግን እንዲህ በቀልድ አይታለፍም የኔታ።

የኔታ፦ እኔ በምን አነበብሁ?

ደቀ መዝሙር፦ እኛ እያነበብንልዎ ነዋ! ስንት ሌሊት በኩራዝ። አንዲት መስመር ስዘል ዱላዎ ቁርጭምጭሚቴን ታገኘው ነበር።

የኔታ፦ ይገባህ ነበር። አለቃ አያሌው ታምሩን ታውቃለህ? የጎጃም ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ያጡት በልጅነት ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነው የሠሩ፣ መጽሐፍ ያሳተሙ፣ በሬዲዮ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንዱ እያነበበላቸው፣ ሌላው እየጻፈላቸው። ያ አዋጅህ «ረዳት» የሚለው እንግዲህ ይህ ነው። ማንም «መዋቅሩ ላይ የለም» አላለም።

ደቀ መዝሙር፦ ዛሬ ረዳትም ላያስፈልግ ይችላል። ማታ ስለዚህ ሳነብ አመሸሁ። ኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ከ1998 ዓ.ም. ጀምረው የሠሩት ነው። አማርኛም ያነባል። ድምፁ የብረት ድምፅ ነው፣ «ጸ»ን እንደ ድንጋይ ይወረውራታል፣ ግን ይሰማል። ችግሩ ሌላ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግማሹ በድሮው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ነው የተተየበው። ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ነው። ፕሮግራሙ ያንን ሲያነብ ቃል ሳይሆን ኳኳታ ነው የሚወጣው። ማኅተም ተመትቶበት በስካነር የሚላከው ደግሞ ለእሱ ፎቶግራፍ ነው፤ ምንም አያነብም።

የኔታ፦ መድኃኒቱስ?

ደቀ መዝሙር፦ ጸሐፊዎቹ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ዋናውን ፋይል ከስካኑ ጋር አብረው ይላኩ። በእጅ የተጻፈውን ማመልከቻ ደግሞ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት ያንብብለት። ይኸው ነው።

የኔታ፦ ያው እሱ ነው ከመንግሥት አቅም በላይ የሆነው?

ደቀ መዝሙር፦ ኧረ አይደለም። ግን መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም ይጠፋል፤ ቢቸና መብራት እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ።

የኔታ፦ መብራት ሲጠፋ እናንተስ ትሠራላችሁ?

ደቀ መዝሙር፦ ...አንሠራም። ወጥተን ቡና እንጠጣለን።

የኔታ፦ አየህ! በየወሩ የመብራት ትከፍላላችሁ፤ ለማን ነው? አምፖሉ ለእኔ ነው? መስኮቱ ለእኔ ነው የተከፈተው? ያ ሁሉ ለእናንተ ዓይን የተደረገ ማመቻቸት ነው፤ ብቻ በጀቱ ላይ «ሥራ ማስኬጃ» ተብሎ ስለሚጻፍ አታፍሩበትም። የእኔ ሲሆን «ልዩ ወጪ» ይባላል። ለዚህ ነው የገመዱን ወግ ያነሣሁልህ። ያን ዕለት ያን ባለ ጉልበት ነጋዴ ጉልበቱ አላሻገረውም። ድልድዩ ሲሰበር የጎጃምና የቤጌምድር ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው አካለ ስንኩል የሆነው። ሁሉም የሌላ ሰው ክንድ ጠበቀ። አንድም ሰው ግን «ተመጸወትሁ» አላለም።

ደቀ መዝሙር፦ ያ የገመዱ ወግ በፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፣ ያውቃሉ? በ1993 ዓ.ም. ግድም ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባል መጽሔት ወጥቶ ነበር። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ሥዕሉን አየና ነገሩ አላስተኛው ብሎ መጣ። በ1994 ዓ.ም. ከአገሩ ሰው ጋር ሆኖ ስባሪውን በብረት አገናኘው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ ያለው ድርጅቱ የተጀመረው ከዚሁ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። የእኛው ግን ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደገና ፈረሰ፤ ከዚያ ነው ይህ ተንጠልጣዩ የተሠራው።

የኔታ፦ ሰውዬው ሥዕሉን አይቶ «እነዚህ ሰዎች መሻገር ጠባያቸው አይፈቅድም» አላለም።

ደቀ መዝሙር፦ ነገሩን በጣም አቀለሉት የኔታ። ልሟገትዎ?

የኔታ፦ ሳትሟገት ብትቀር ነው የማዝነው።

ደቀ መዝሙር፦ ድልድይ ሁሉንም ሰው ያሻግራል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጎትታል። የአንድ ዓይነ ስውር ኮምፒውተር ግን ለአንድ ሰው ነው። የሚቀጥለው ተቀጣሪ መስማት የተሳነው ቢሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በቢቸና ከየት ይመጣል? በየሰዉ ልክ መሥሪያ ቤት እንዴት ይሰፋል?

የኔታ፦ ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። የአብነት ትምህርት ቤታችን ለዕውር ቤት ነበር፤ ለምን? ደግ ስለነበርን አይደለም። ትምህርቱ የቃል ስለሆነ ነው። ተማሪ ቅኔውን ቀን ይቆጥራል፣ ማታ ነገራ ላይ ቆሞ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። በዚህ ሁሉ ዓይን የት ገባ? የዲማ ቅኔ ቤት በለው፣ የጎንጅ በለው፣ ሥራው ራሱ ለጆሮ የተሰፋ ነው። ስለዚህ ዕውር ገብቶ መምህር ሆኖ ወጣ። ደንቆሮው ግን? ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር አንድ የማይሰማ ልጅ ደጄ አልመጣም። ቢመጣም የማደርገውን አላውቅም ነበር። ቤቱ ለእሱ አልተሰፋማ።

ደቀ መዝሙር፦ አዲስ አበባ ውስጥ ተኪ የሚባል የወረቀት ከረጢት የሚሠራ ድርጅት አለ። ሠራተኞቹ መስማት የተሳናቸው ሴቶች ናቸው። እዚያ የሥራው ቋንቋ የምልክት ቋንቋ ነው፤ የሚሰማ ሰው ሲገባ እሱ ነው ግራ የሚጋባው።

የኔታ፦ ነጋዴው ገመዱ ላይ ወጣ በለኛ!

ደቀ መዝሙር፦ (እየሳቀ) ወጣ። ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። እንዲህ ለብቻ የተሰበሰበ ሥራ ጥሩ ቢሆንም አጥር እንዳይሆን። ድሮም የጃንጥላ ፋብሪካ ነበረ፤ አካል ጉዳተኞች የሚሠሩበት። እንጀራ ሰጥቷል፤ አይካድም። ሰዉ ግን «አካል ጉዳተኛ ከሆነ ጃንጥላ ይሥራ» ወደ ማለት ይሄዳል። እንደ «ዓይነ ስውር ከሆነ መምህር ይሁን»።

የኔታ፦ ወይም ቅኔ ይቁጠር።

ደቀ መዝሙር፦ እርስዎን ለመንካት አይደለም...

የኔታ፦ ንካኝ እንጂ። እኔ ቅኔን የወደድሁት ከገባሁበት በኋላ ነው። ስገባ ግን ሌላ በር አልነበረኝም። አባቴ ማረሻ አላስጨበጠኝም። ወንድሞቼ ሲያርሱ እኔ ደጅ ላይ ነበርሁ። መሪጌታው በደጃችን ሲያልፉ «ይህን ልጅ ስጡኝ፤ ጆሮው ይታያል» አሉ። ባያልፉስ? ያ የሕግ ምሩቅህ ከበሩ በር መርጦ ነው የመጣው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደቀ መዝሙር፦ እንደ የትነበርሽ ንጉሴ። ከዓባይ ወዲያ ወሎ ሳይንት ናት የተወለደችው። በ5 ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፣ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ ሥራ ፈላጊ አካል ጉዳተኛን ከአሠሪ ማገናኘት አንዱ ሥራው ነው። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳሸነፈች ተነገረ።

የኔታ፦ ሰምቻታለሁ፤ ሬዲዮ ላይ። ድምፅዋ አይለምንም። ግን እሷን ለኮሚቴህ አትንገር።

ደቀ መዝሙር፦ ለምን?

የኔታ፦ «እሷማ ልዩ ፍጥረት ናት» ይሉሃል። ከዚያ ያ ምስኪን ልጅ ለመቀጠር ሽልማት ማምጣት ሊኖርበት ነው። ሁለተኛ የወጣውን ሽልማት ጠየቃችሁት?

ደቀ መዝሙር፦ አልጠየቅነውም።

የኔታ፦ መካከለኛ ሠራተኛ የመሆን መብትም አለ። ስንት ዓይናማ መካከለኛ ሠራተኛ ቢሮህ ውስጥ ተቀምጦ የለ?

ደቀ መዝሙር፦ እኔን ይጨምራል። ...የኔታ፣ አንድ ሌላም አለብኝ። ይህኛው የመጀመሪያዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለጥበቃ የተወዳደረ አንድ ገበሬ ነበር። እግሩ ያበጠ ነው፤ ዝሆኔ። ጠንካራ ሰው ነው፣ ሌሊት ሙሉ ይቆማል። ሰዉ «ይጋባል» ብሎ ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል አላድርም አለ። አስቀረነው።

የኔታ፦ ይጋባል?

ደቀ መዝሙር፦ አይጋባም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ብዙ ዓመት በመሄድ የሚመጣ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የደቀቀ ነው፤ ደቃቁ በቆዳ ዘልቆ ይገባና የእግሩን የሊምፍ መንገድ ይዘጋል። በአገሪቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገመታል፤ የእኛ ምሥራቅ ጎጃም በብዛቱ ከሚጠቀሱት ነው። የሚያስፈልገው ጫማ፣ ውኃ፣ ሳሙናና ቅባት ነው። እግሩ ስለሚሰፋ ጫማው በልኩ መሰፋት አለበት።

የኔታ፦ እንግዲህ የዚያ ሰው ማመቻቸት አንድ ጥንድ ጫማ ነበር።

ደቀ መዝሙር፦ አንድ ጥንድ ሰፊ ጫማና እግሩን የሚያሳርፍበት ዱካ።

የኔታ፦ እኛ ተማሪ ሳለን ዝሆኔ ያለበትን «በዘር ነው» እያልን ልጁን አናገባም ነበር። ቅኔ አስተማሪው እኔም እንዲህ እል ነበር። ስለዚህ አንተን ብቻ አልወቅስም። ...ሰውዬው አሁን የት ነው?

ደቀ መዝሙር፦ አላውቅም። ከማመልከቻው ላይ ስልኩ ይኖራል።

የኔታ፦ ፀሐዩ ፊቴን ለቀቀው። መሻገር ይሻላል። ለመሆኑ የስብሰባው ሰብሳቢ ማን ነው? ስሙን አልጠየቅሁህም፤ ሰውነቱን ንገረኝ።

ደቀ መዝሙር፦ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው፤ «ኋላ ኦዲት ቢመጣስ» የሚል። ማንም የደገፈው ነገር ላይ ይፈርማል፣ ማንም የተቃወመው ላይ አይፈርምም።

የኔታ፦ እንግዲያ የሚፈራውን ነገር አንሣለት። ዓይነ ስውሩ ቢከስስ፣ ማስረዳት ያለበት ራሱ አሠሪው መሆኑን ንገረው። ያ ጥርሱ የወለቀ ሕግ ለፈሪ ሰው ይበቃዋል። ቅጣቱን ሳይሆን ፍርድ ቤት መቆሙን ንገረው።

ደቀ መዝሙር፦ ፊርማዬንስ? በቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን?

የኔታ፦ እናንተ ቃለ ጉባኤ ትጽፋላችሁ፤ እኛ ጉባኤ ቃና እንቆጥራለን። በእኛ ቤት ተማሪ ማታ ያሰማውን ቅኔ ሌሊት አስቦበት ጠዋት «የኔታ፣ ተፋልሶብኛል፣ ልመልሰው» ሲል ነውር የለበትም። በእናንተ ቤት ነውር አለው?

ደቀ መዝሙር፦ የልዩነት ሐሳብ ተብሎ ይጻፋል። ስብሰባው እንደገና ይጠራልኝ ማለት እችላለሁ። ሰኞ ከመለጠፉ በፊት ከሆነ።

የኔታ፦ ስልክህ ይሠራል?

ደቀ መዝሙር፦ እዚህ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ማዶ አቀበቱን ወጥተን ጫፉ ላይ ስንደርስ ይኖራል።

የኔታ፦ ተነሥ እንግዲያ። ...አይ፣ ተው፤ ዱላዬን አትሳብ። ክንዴንም አትያዝ።

ደቀ መዝሙር፦ ድሮ በዱላው ነበር የምመራዎት።

የኔታ፦ ድሮ ነው። ድሮ አንተ ትጎትት ነበር፤ እኔ ደግሞ የት እንደምረግጥ ሳላውቅ እከተልህ ነበር፤ ስንት ጊዜ ድንጋይ መታኝ። ክንድህን ወዲህ አምጣ፤ እኔ ልያዝ። ግማሽ እርምጃ ቅደም። ስትወርድ ክንድህ ይወርዳል፣ ስትወጣ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መንገዱን አውቃለሁ። አንተ ዝም ብለህ ሂድ።

ደቀ መዝሙር፦ እንዲህ?

የኔታ፦ እንዲህ። ድልድዩ ይወዛወዛል?

ደቀ መዝሙር፦ ትንሽ ይወዛወዛል።

የኔታ፦ አንተ ቁልቁል ማየትህን ተው እንጂ፤ ክንድህ እየተንቀጠቀጠ ነው።